በሌሊት ከጓደኛ ጋር ተራራ መውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሁለት ሰዎች ጓዛቸውን በጀርባ ተሸክመው በጨለማ በእግር መንገድ ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ የሚገጥማቸውን ይመለከታል። ገመድ የሚፈልግ አለት መውጣትና የበረዶ ግግር ማቋረጥ እዚህ አልተካተቱም፤ እነሱ የራሳቸው ሥልጠና አላቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ በሌሊት ስንሄድ ምን ዓይነት መንገድ ይሻለናል?

ቢያንስ አንዳችሁ በቀን የሄደበት መንገድ። ካርታ የከፍታውን ልዩነት ይነግራችኋል እንጂ ጠጠሩ የሚያንሸራትት መሆኑን፣ ዱካው ሣር ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ መሆኑን አይነግራችሁም።

በጨለማ የሚያስቸግሩ ቦታዎች በቀን ከሚያስቸግሩት የተለዩ ናቸው። በቀን ደስ የሚለው ገላጣ ሜዳ በሌሊት ዋነኛው መሳቻ ነው፤ ከሜዳው ማዶ ዱካው የት እንደሚቀጥል መብራታችሁ አያሳያችሁም። ጥቅጥቅ ያለ ደን በአንጻሩ ቢያስፈራም የመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚለይ ብዙ አያሳስትም። በድንጋይ ክምር ምልክት ብቻ የሚታወቅ ቋጥኛማ ቦታ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ወይም ሁለቱም ጎኑ ገደል የሆነ ሸንተረር ካለ ያንን ክፍል በብርሃን እንድታልፉት ሰዓቱን አስተካክሉ። ካልተቻለ ሌላ መንገድ ምረጡ።

ምርጫ ካላችሁ ዳገቱ ለሌሊት፣ ቁልቁለቱ ለቀን ይሁን። ዳገት ላይ እርምጃ ስለሚዘገይ እግር የሚያርፍበትን ለማየት ጊዜ አለ፤ ቢደናቀፉም እጅ ቶሎ መሬት ይደርሳል። ቁልቁለት ላይ ቦርሳው ወደፊት ይገፋል፣ ጉልበት ዝሏል፣ ሲወድቁም እጅ መሬት እስኪደርስ ርቀቱ ብዙ ነው።

ጨረቃ ግዴታ ናት?

ግዴታ አይደለችም፤ ግን ቀኑን በእሷ መምረጥ ብዙ ያቀላል። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ገደማ ወጥታ እስኪነጋ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ሙሉ ከሆነች ከሦስት ቀን በኋላ የምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ድቅድቅ ጨለማ ናቸው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ለሚነሳ ሰው ሙሉ ከመሆኗ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ያለው ይሻላል፤ ሲመሽ ጨረቃዋ ቀድማ ሰማይ ላይ ናት። ለማለዳ መውጫ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሱ ደግሞ ሙሉ ካለፈች በኋላ ያሉት ቀናት ይስማማሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፦ ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ግማሽ ብርሃን አትሰጥም፤ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ ተራራው ራሱ ለረጅም ሰዓት ይጋርዳታል።

ጉዞው ስንት ሰዓት ይወስዳል?

እንደ መነሻ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይዝሚዝ በ1892 ያወጣውን ቀመር ተጠቀሙ፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። መንገዳችሁ 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር ከፍታ ካለው 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሲደመር 1 ሰዓት ከ30፣ በድምሩ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል።

ይህ ግን ዕረፍት የሌለው፣ ሸክሙ ቀላል የሆነ፣ በቀን የሚሄድ ሰው ሰዓት ነው። ለጨለማውና ለቦርሳው ግማሹን ያህል ጨምሩበት፤ ከላይ ያለው ምሳሌ 6 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ምንም አልጎደለባችሁም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በ4 ሰዓት እንደርሳለን ብሎ ምግብ፣ ባትሪና ውሃ በዚያ ልክ መያዝ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ጫፍ ላይ መሆን እንፈልጋለን። መቼ እንነሳ?

ከፀሐይ መውጫ ወደኋላ ቁጠሩ፤ ጫፉ ላይ ፀሐይ ከመውጣቷ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፊት እንድትደርሱ አድርጉ። ሰማዩ የሚቀላው ያኔ ነው፤ መሬቱም ያለ መብራት መታየት ይጀምራል። የተለመደው ስህተት መዘግየት አይደለም፤ ከመጠን በላይ መቅደም ነው። ሁለት ሰዓት ቀድሞ በላብ በረጠበ ልብስ ነፋስ ላይ መቀመጥ ከጉዞው ሁሉ የሚከፋው ክፍል ይሆናል። የቀደማችሁ ከመሰላችሁ ከጫፉ በታች ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ቆዩ።

ምን ዓይነት መብራት ያስፈልገናል?

ለእያንዳንዳችሁ አንድ የግንባር መብራት፣ ለሁለታችሁ ደግሞ አንድ መጠባበቂያ። በስልክ መብራት ተራራ አይወጣም፤ አንድ እጅ ይይዛል፣ መንገድ የሚያሳያችሁንና እርዳታ የምትጠሩበትን ባትሪ ይጨርሳል።

ብዙ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ማሳደድ አያስፈልግም። በግልጽ ዱካ ላይ ለመራመድ ከ30 እስከ 100 ሉመን ይበቃል፤ 300 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ራቅ ያለ ምልክት ለመፈለግ ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሁልጊዜ በከፍተኛው የሚሄድ ሰው ሁለት ጉዳት አለው፦ ባትሪው በጥቂት ሰዓት ያልቃል፣ ዓይኑም ከብርሃኑ ክብ ውጭ ያለውን ማየት ያቆማል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የቆይታ ሰዓትም በጥርጣሬ ተመልከቱት፤ በተለመደው መለኪያ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ለመራመድ የሚበቃ ብርሃን የላቸውም።

ብርድ ባትሪን ያደክማል። አልካላይን ባትሪ በውርጭ አቅሙን በእጅጉ ያጣል፤ ሊቲየም የተሻለ ይቋቋማል። መጠባበቂያውን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነታችሁን በሚነካ ኪስ ያዙ። ባትሪ መቀየርን ቤታችሁ ሆናችሁ መብራት አጥፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት፤ የትኛው ጫፍ ወዴት እንደሚገባ በጣት መለየት ካልቻላችሁ በተለጣፊ ፕላስተር ምልክት አድርጉበት። መቀየሪያው ጊዜ መብራቱ ሲጠፋ አይደለም፤ መዳከሙን ባያችሁበት የመጀመሪያ ዕረፍት ላይ፣ በጓደኛችሁ መብራት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ግንባር ላይ ያለ መብራት ከዓይን ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚያበራ ጥላ አያሳይም፣ ጉድጓዱና ጉብታው አንድ ወጥ ሆነው ይታያሉ። መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆን መብራቱን አውልቃችሁ በእጅ ወገብ አካባቢ ያዙት ወይም የቦርሳው የወገብ ማሰሪያ ላይ እሰሩት። እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ይጥላል፣ መሬቱም ቅርጹን ያወጣል። ጭጋግ ሲወርድም እንዲሁ፤ ግንባር ላይ ያለው ብርሃን ከጭጋጉ ተመልሶ ዓይንን ያውራል፣ ዝቅ ሲል ግን ከሥሩ ዘልቆ ያሳያል። በብርድ የራሳችሁ ትንፋሽም እንደ ጭጋግ ይጋርዳል።

ቀይ መብራት በእርግጥ ይጠቅማል?

ለዕረፍት፣ ለድንኳን ውስጥና ለጓደኛ ፊት አዎ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን በቀጥታ ካየ ያንን ያጣና እንደገና ይጀምራል። ለጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀይ ብርሃንን ብዙም ስለማያዩት ልማዱ አይፈርስም።

ለመራመድ ግን አይመከርም፣ የመሬቱን ጥልቀት አያሳይም። ካርታ ስታነቡም ተጠንቀቁ፤ በቀይ ወይም በቡናማ የታተሙ የከፍታ መስመሮች በቀይ ብርሃን ሥር ይደበዝዛሉ፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይታዩም። በጨረቃ ብቻ ስትሄዱ ደግሞ የምትጠራጠሩትን ነገር በቀጥታ አትመልከቱት፤ ትንሽ ወደ ጎን ስታዩ ይበልጥ ይታያል፣ የዓይን መሃል የጨለማ ሕዋሳት የሉትምና።

ምን እንልበስ?

ከታች ካለው ከተማ ትንበያ ተነሱ። ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ከተማው በ1,500 ሜትር ላይ ሆኖ ንጋት ላይ 12 ዲግሪ ከተተነበየ፣ በ3,300 ሜትር ላይ ዜሮ ገደማ ጠብቁ። በዚያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ገላን የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 ያህል ነው።

ከገላ የሚነካው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ዕረፍት ላይ ያቀዘቅዛል፤ ውስጥ ካናቴራውና ካልሲውም ጭምር። ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ስስ ጃኬት፣ ለዕረፍት ደግሞ ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ካልሲ።

ስትነሱ ትንሽ ብርድ ሊሰማችሁ ይገባል። ሞቆት የተነሳ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሄድ ያልበዋል፣ የሌሊት ብርድ የሚጀምረውም ከዚያ ላብ ነው። ስትቆሙ ደግሞ ተቃራኒው፤ ወፍራሙ ጃኬት የቦርሳው አፍ ላይ ይቀመጥና ብርዱ ሳይሰማችሁ፣ በቆማችሁበት ደቂቃ ይለበስ።

ቦርሳው ምን ያህል ይክበድ? ዕቃስ እንዴት እንከፋፈል?

የተለመደው ጣሪያ ከሰውነት ክብደት 20 በመቶ ነው፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 13 ኪሎ። ለአንድ ሌሊት ግን ከ8 እስከ 10 ኪሎ መብቃት አለበት፤ ከዚያ ካለፈ "ምናልባት" ተብሎ የገባ ነገር አለ። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ጋር ተጠግቶ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ባለው ከፍታ ይቀመጥ። ክብደቱን በብዛት የሚሸከመው ዳሌ ስለሆነ መጀመሪያ የወገቡን ማሰሪያ አጥብቁ፣ ከዚያ የትከሻውን። ከውጭ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር፤ በጨለማ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ ወድቆም አይገኝም።

ድንኳን፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጣሪያና የመጀመሪያ እርዳታ መስጫው ለሁለት ይከፈላሉ። የማይከፈሉም አሉ፦ መብራት፣ ፊሽካ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ውሃ፣ ጥቂት ምግብ፣ ካርታና የአደጋ ጊዜ መጠቅለያ። እነዚህን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ትይዛላችሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ጓደኛሞች ጭጋግ ውስጥ ቢጠፋፉ፣ አንዱ ድንኳኑን ሌላው የድንኳኑን ዘንግ ይዞ ያድራል።

የመራመጃ ዘንግ ካላችሁ በሌሊት ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ ከፊት ያለውን መሬት እየነካ ጥልቀቱን ይነግራል። ለቁልቁለት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት።

ከፊት ማን ይሂድ?

ዘገምተኛው። ፈጣኑ ከፊት ሲሆን ሳያውቀው ይርቃል፣ የኋላው ለመድረስ ሲል እግሩን ሳያይ ይረግጣል። ይሁንና በጨለማ ከፊት መሄድ መንገድ መፈለግንም ስለሚጨምር አእምሮ ያደክማል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ፣ ፍጥነቱ ግን የዘገምተኛው ሆኖ ይቆይ።

በመካከላችሁ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይኑር። ከዚያ ከቀረባችሁ የኋላው መብራት የፊተኛውን ጥላ በራሱ መንገድ ላይ ይጥልበታል፤ ከራቃችሁ መነጋገር ይቀራል። የኋላው ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብሎ መሬት መሬት ቢያበራ ሁለቱም ያያሉ። ዳገቱ ጠመዝማዛና ጠጠራማ ከሆነ አንዱ ከሌላው በላይ እንዳይሆን ጠብቁ፤ ድንጋይ ከተንከባለለ ትልቅም ሆነ ትንሽ "ድንጋይ!" ብሎ መጮህ ግዴታ ነው።

መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ሁለታችሁም ቁሙ፣ ዙሩና የመጣችሁበትን በመብራት እዩ። ስትመለሱ የምታዩት ያንን ነው።

ለመጸዳዳት የሚወጣም ሰው ደንብ አለው፤ መጥፋት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቦርሳውንና ጓደኛውን መንገዱ ላይ ይተዋል፣ ጓደኛው መብራቱን አብርቶ ይቆያል፣ የሄደውም የዚያ ብርሃን ከሚታይበት አይርቅም። ከውሃ 60 ሜትር ራቅ ብሎ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቆፈርና ይቀበራል።

መንገድ የሳትን ከመሰለን ምን እናድርግ?

ጥርጣሬው እንደመጣ ቁሙ። "ትንሽ እንይና" የተባለው ትንሽ ነው ሰውን የሚያጠፋው። መጨረሻ እርግጠኛ የነበራችሁበት ቦታ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ወደኋላ ከሆነ ተመለሱ፤ ከፍታ ያባከናችሁ ቢመስላችሁም። ዱካው ከእግራችሁ ሥር አሁን የጠፋ ከሆነ አንዳችሁ መጨረሻው ዱካ ላይ መብራት አብርታችሁ ቁሙ፣ ሌላው ያ መብራት ከሚታይበት ሳይርቅ በግማሽ ክብ ይፈልግ። ሁለታችሁም ከተንቀሳቀሳችሁ መነሻችሁን ታጣላችሁ።

ወንዝ ተከትሎ መውረድ ጥሩ ምክር ይመስላል፤ ተራራ ላይ ግን ጅረት ወደ ፏፏቴና ወደ ገደል አፍ ይወስዳል። አቋራጭም በሌሊት የለም። መንገዱ ካልተገኘ ያላችሁን ሁሉ ልበሱ፣ ባዶ ቦርሳችሁን ከሥራችሁ አንጥፉና ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፤ ሲነጋ ዱካው ብዙ ጊዜ ቅርብ ሆኖ ይገኛል።

ስልክ የአካባቢውን ካርታ አስቀድሞ ያወረደ፣ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ የሆነና ከውስጥ ኪስ የተቀመጠ ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋ ምልክት ፍለጋ ባትሪ ይበላል፤ የጂፒኤስ መቀበያው ግን በአብዛኞቹ ስልኮች በዚያ ሁነታም ይሠራል። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነጥቡ ከቦታው ሊዛነፍ ስለሚችል ከወረቀት ካርታ ጋር አስተያዩት። በ1፡25,000 ካርታ 4 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። እርምጃ መቁጠር የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ቁጥራችሁን በሌሊት ለኩት፤ በጨለማ እርምጃ ስለሚያጥር በቀን 100 ሜትር በ65 ድርብ እርምጃ (አንድ እግር ብቻ መሬት ሲነካ በሚቆጠር) የሚሄድ ሰው ዳገት ላይ ከ80 ሊያልፍ ይችላል።

ሌሊት ምን ያህል እንብላ፣ እንጠጣ?

በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ፣ በየ45 ደቂቃው ጥቂት ምግብ፤ በሰዓት 200 ካሎሪ ያህል ከሆነ ይበቃል። በብርድ ጥም ስለማይሰማ ሰዓት ቆጥራችሁ ጠጡ። ጓንት ሳይወልቅ የሚበላ ነገር ያዙ፤ ውርጭ ላይ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ቸኮሌት ጥርስ ይፈትናል።

ውርጭ ካለ ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ አስቀምጡት፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር አፉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በቱቦ የምትጠጡ ከሆነ ከጠጣችሁ በኋላ ወደ ውስጥ ንፉ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ቀድሞ ይረጋል። የውሃ ማጣሪያ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከረጋ ቀጫጭን ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ ከመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ይደር። የምታፈሉ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

እንቅልፍ ቢያሸንፈንስ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ በተለይ የሰውነት ሙቀት ዝቅተኛ በሚሆንበት በ10 እና በ11 ሰዓት አካባቢ። ዋናው መከላከያ ቀን ላይ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል መተኛት ነው። ቡና የሚሠራው ከጠጡት ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ ዓይን ሲከደን ሳይሆን ቀደም ብሎ ይጠጣ፤ ንጋት ላይ ድንኳን ውስጥ ልትተኙ ካሰባችሁ ግን ከጠጣችሁት አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ደማችሁ ውስጥ እንዳለ አስቡ።

እግር መደናቀፍ ከበዛ፣ የተነገረውን ደግማችሁ ከጠየቃችሁ ቁሙ። የ20 ደቂቃ ሸለብታ፣ ሙሉ ለብሶ፣ ከመሬት በምንጣፍ ተለይቶ፣ አንዱ ነቅቶ እየጠበቀ። ከተነሣችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ድንዝዝ ስለምትሉ ገደል ጥግ ያለውን ክፍል ወዲያው አትጀምሩ።

ጓደኛዬ መመለስ ፈለገ፤ እኔ ደግሞ ደህና ነኝ። ማን ይወስናል?

የሚመለሰው። ይህን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት፦ አንዱ "እንመለስ" ካለ ሁለቱም ይመለሳሉ፣ ምክንያቱም አይመረመርም። ጫፉ 200 ሜትር ሲቀረው የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ የደከመውን ያሸንፈዋል፤ ዝም ብሎ ይከተላል፣ ከዚያ ሲወርድ ይወድቃል። እንደዚሁም የመመለሻ ሰዓት አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ፤ የትም ብትደርሱ በዚያ ሰዓት ፊታችሁን ታዞራላችሁ። "አንተ ውረድ፣ እኔ ቶሎ ደርሼ እመጣለሁ" የሚባለው መለያየት ግን በሌሊት ጨርሶ አይደረግም።

ጓደኛዬን ብርድ እንደጎዳው እንዴት አውቃለሁ?

ራሱ አይነግራችሁም፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጎዳው ማመዛዘኑ ነው። ስለዚህ ጠባዩን ተከታተሉ። ተጫዋች የነበረው ዝም ይላል ወይም በትንሹ ይነጫነጫል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ቃላት ይጎተቱበታል፣ ይደናቀፋል። ሁለት ፈጣን ፈተናዎች አሉ፦ አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጋር እንዲያገናኝ፣ አሥር እርምጃም ተረከዝን ከጣት እያገጣጠመ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ጠይቁት።

እየተንቀጠቀጠ ግን በደንብ የሚያወራ ከሆነ ከነፋስ አስጠልሉት፣ እርጥቡን በደረቅ ለውጡ፣ ከመሬት ለዩት፣ ጣፋጭ ነገርና ሞቅ ያለ ጣፋጭ መጠጥ ስጡት። አልኮል አይሰጥም፣ እጅና እግሩም አይታሽም። መንቀጥቀጡ ቆሞ ከተደናገረ ደግሞ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ባሰበት። ልብሱን ማውለቅም ሊጀምር ይችላል። አጋድሙት፣ በዝግታ ያዙት፣ አታስኪዱት፣ እርዳታ ጥሩ።

ራስ ምታት የድካም ነው ወይስ የከፍታ?

ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ የከፍታ ነው ብላችሁ ያዙት፤ በተለይ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት ወይም ማዞር ከተጨመረበት። ምልክት ያለበት ሰው ወደላይ አይቀጥልም፤ ከባሰበት ይወርዳል። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ከተምታታበት ሌሊት ነው ተብሎ አይጠበቅም፣ ወዲያው ይወረዳል። ለብዙ ቀን ጉዞ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር።

አውሬ ቢያጋጥመንስ?

እየተነጋገራችሁ ሂዱ፤ አብዛኛው ቀድሞ ይርቃል። መብራት ላይ የሚያንጸባርቁ ዓይኖች ስታዩ ቁሙ፣ ተጠጋጉ፣ ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ ብላችሁ ራቁ፣ አትሩጡ። በተግባር ይበልጥ የሚያጋጥመው መንጋ የሚጠብቅ ውሻ ነው፤ መንጋውን በሩቁ ዙሩት። ምግብ ከምትተኙበት ድንኳን ውጭ እንዴት እንደሚቀመጥ የአካባቢውን ጠባቂዎች ጠይቁ፣ እንደ እንስሳው ይለያያልና።

የት ድንኳን እንትከል?

ከሸለቆው ወለል ላይ አይሁን። ቀዝቃዛ አየር ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይወርድና እዚያ ይጠራቀማል፤ 50 ወይም 100 ሜትር ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ብዙ ጊዜ ይሞቃል። ደረቅ የወንዝ መውረጃ፣ ድንጋይ የሚወርድበት ገደል ሥርና የደረቀ ዛፍ ሥርም አይሁን። በጨለማ ስትደርሱ መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ወደላይ ማየት አትርሱ።

የመኝታ ከረጢት ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ካለ በምቾት ደረጃው ተማመኑ፤ ዝቅተኛው ወሰን የሚያመለክተው ተኮራምቶ ማደርን ነው። ምድጃ ተዘግቶ በተያዘ ድንኳን ውስጥ አይለኮስም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ቡቴን ብቻ ያለበት ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ለውርጭ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ያዙ።

አንዳችን ብንጎዳ እርዳታ እንዴት እንጠራለን?

መልእክት ጥሪ በማያልፍበት ቦታ ሊያልፍ ይችላል፤ ጂፒኤሱ የሚያሳየውን የቦታውን ቁጥር፣ የጉዳቱን ዓይነትና ስንት ሰው እንደሆናችሁ ጻፉ። የአገሩን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ከመነሳታችሁ በፊት ያዙ፤ 112 በብዙ አገሮች ቢሠራም በሁሉም አይሠራም። ኔትወርክ ከሌለ በፊሽካ ወይም በመብራት በደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና ስድስት። መልሱ በደቂቃ ሦስት ነው። በሰሜን አሜሪካ ጥሪው ራሱ ሦስት ነው።

ጓደኛን ትቶ እርዳታ ፍለጋ መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ግድ ከሆነ ሙቅ ልብሱ፣ ምግቡና አንድ መብራት ከተጎዳው ጋር ይቀራሉ፤ የሚሄደውም ቦታውን ጽፎ ይይዛል።

ሁሉም ከመጀመሩ በፊት ቤት ለሚቀር አንድ ሰው መንገዱን፣ የምትመለሱበትን ሰዓትና ለአደጋ ሠራተኞች የሚደውልበትን ሰዓት በጽሑፍ ስጡት። በሁለቱ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑር፤ ስትወርዱም መጀመሪያ ለእሱ ደውሉ።

ነጎድጓድ ቢጀምርስ?

ከሸንተረሩና ከጫፉ ውረዱ። በብልጭታውና በድምፁ መካከል 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከብቸኛ ዛፍና ከዋሻ አፍ ራቁ፣ እርስ በርሳችሁም ተራራቁ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ጠዋት እንደወረድን መኪና መንዳት እንችላለን?

ሌሊቱን ካልተኛችሁ አትንዱ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ያህል ይዘገያል፤ እናንተ ደግሞ ስትወርዱ ከ24 ሰዓት በላይ ነቅታችሁ ይሆናል። ሁለት ሰው መሆን እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፣ ሁለታችሁም ያው አንቀላፍታችኋል። መኪናው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ተኙ ወይም ያልወጣ ሰው መጥቶ እንዲወስዳችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አመቻቹ።